«እንደ ሕፃን ናቸው» ስለተባሉት እናቶቻችን

የብሎክ 9 ነዋሪ፦ ባለፈው እሑድ እዚሁ የካ አባዶ በእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ ለታመሙ አባላት ማሳከሚያ ስለሚዋጣው ገንዘብ ስንነጋገር፣ አንድ የተከበሩ አባል ተነሥተው «አረጋዊ ሰው እንደ ሕፃን ነው፤ ሐኪም ውጤቱን ለልጆቹ ይንገር እንጂ ለእርሱ መንገር ጭካኔ ነው» ሲሉ ግማሹ ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ነገሩም እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ከጡቷ የተወሰደው ናሙና ውጤቱ የመጣ ዕለት ሐኪሙ «እርስዎ ይግቡ፣ እሳቸው ውጭ ይጠብቁ» አለኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና እናቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ስትጠቀልልና ስትፈታ አያታለሁ። ስለ ገዛ አካሏ እየተነገረ እርሷ ከበር ውጭ ነበረች። ስወጣ «ምን አለሽ?» አለችኝ። «መድኃኒት አዞልሻል» ብዬ ዋሸኋት። ይህ ትክክል ነው የምትሉ ካላችሁ ምክንያታችሁን መስማት እፈልጋለሁ።

የአባቱ ልጅ፦ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም። አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት ሲታወቅ አምስታችንም ልጆቹ ተማክረን «የሽንት ቧንቧ ሕመም ነው» አልነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ጥምቀት ከእኛ ጋር አከበረ። በእኛው ደረጃ ላይ ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናት ግን ሐኪሙ ፊት ለፊት ከነገራቸው በኋላ ቤታቸው ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እህል አልቀምስ አሉ፤ ሁለት ወርም አልቆዩ። እኛ መርዶን እንኳ በቀትር የማንናገር ሕዝብ ነን። ዘመድ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ጎሕ ሲቀድ በር አንኳኩቶ ነው የሚረዳው። ታዲያ ሰው የራሱን መርዶ በማያውቀው ወጣት አፍ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ያውም ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው እየተንጫጫ ይስማ ማለት ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው?

የሕግ ባለሙያ፦ ሐዘንዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን «እንደ ሕፃን» የሚለውን ቃል በዝምታ ላልፈው አልችልም። ሕፃን ማለት በሕግ ፊት ስለ ራሱ ሌላ ሰው የሚወስንለት ማለት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 192 ማንኛውም ሰው ሕግ ችሎታ የለውም ካላለው በቀር ችሎታ እንዳለው ይደነግጋል። አንድ አዋቂ በአእምሮ ሕመም ወይም ራሱን መጠበቅ በማያስችል ዘላቂ ድካም ምክንያት ስለ ራሱ እንዳይወስን የሚከለከለውም ፍርድ ቤት ጉዳዩን መርምሮ ሲወስን ነው እንጂ ልጆቹ ሳሎን ውስጥ ተሰብስበው ስለተስማሙ አይደለም። ዕድሜ ብቻውን ችሎታ አያሳጣም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 20 ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እንቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል፤ ምን እንዳመመው ያልተነገረው ሰው ምኑን እሺ፣ ምኑንስ እንቢ ይላል? የጤና ክብካቤ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299/2006ም ታካሚው አውቆ ሳይስማማ ሕክምና እንዳይሰጠው አዟል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን ማውጣት ወንጀል ሲያደርግ ምስጢሩ የታካሚው ነው እንጂ የቤተሰቡ አይደለም።

ነርስ ከአባዶ፦ በሙያው 18 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ሕጉ ከላይ እንደተባለው ነው፤ ሥራው ግን እንደዚያ አይደለም። ካርድ ወጥቶ ታካሚዋ ሳትገባ ልጅ ቀድሞ ይገባና «እባክህ ዶክተር፣ እንዳትነግራት» ይላል። ሐኪሙም በዚያ ቀን የሚያያቸው ብዙ ሕሙማን ስላሉት ከልጁ ጋር መከራከር አይፈልግም። አንዲት እናት አልረሳም። ማንበብ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረን የስምምነት ቅጹ ላይ አስነካናቸው፤ ልጃቸው «እብጠቷን ሊያወጡልሽ ነው» ብሏቸው ነበር። ከማደንዘዣው ሲነቁ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄዶ ፋሻውን ዳሰሰ፤ እንደገናም ዳሰሰ። ከዚያ እኔን አይተው «የኔ ልጅ፣ ጡቴን የት አደረጋችሁት?» አሉኝ። አውራ ጣታቸው ላይ ያለው ቀለም ገና አልለቀቀም ነበር። ያንን ጣት ይዤ ያስነካሁት እኔ ስለሆንሁ ከዚያ ወዲህ ታካሚው ራሱ ሳይነገረው ቅጽ አላስፈርምም።

የአባቱ ልጅ፦ ያ የሐኪሙና የእናንተ ጥፋት ነው፤ ለምን በቤተሰብ ላይ ታላክኩታላችሁ? ቀዶ ጥገና ከሆነ ይነገር፤ በዚያ እስማማለሁ። እኔ የምናገረው መዳኛ ስለሌለው ሕመም ነው። ደግሞም የሕግ ባለሙያው ብዙ አንቀጽ ጠቀሱልን፤ እኔ አባቴን ከአራተኛ ፎቅ በፕላስቲክ ወንበር ከሦስት ጎረምሶች ጋር ተሸክሜ ስወርድ አንድም አንቀጽ አልረዳኝም። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አረጋዊ ሲኖር፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይንከባከባል የተባለው የት ነው ያለው? ሸክሙን ለቤተሰብ ትተው ውሳኔውን ከቤተሰብ መንጠቅ ፍትሕ አይደለም።

እህት ከውጭ አገር፦ በዚህ ሐሳብ እስማማለሁ። ለእናታችን ሕክምና በየወሩ ገንዘብ የምልክ እኔ ነኝ። ወንድሞቼ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚደረግላት ሳይነግሩኝ ሲወስኑ እቃጠላለሁ። የሚከፍል ሰው የመወሰን ድርሻ ሊኖረው አይገባም ወይ?

የሕግ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ስለሚላከው ገንዘብ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ነገር ግን መክፈል ሥልጣን አይሰጥም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ቀለብ ማለትም ምግብና መጠለያ ብቻ ሳይሆን የጤና ክብካቤም ነው። ግዴታ የሆነን ነገር የፈጸመ ሰው በለውጡ የወላጁን አንደበት አይረከብም። ይህን የምልበት ምክንያት አለኝ። እናት ሕመሟ ተደብቆ «ትንሽ ደክሞሽ ነው፣ ጉዳይሽን እኛ እንሩጥልሽ» ተብላ የቤት ውክልና ስትፈርም፣ ኋላም ልጆች በዚያው ውክልና ፍርድ ቤት ሲካሰሱ በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እህት ከውጭ አገር፦ እኔን ከቤት ነጣቂዎች ጋር አንድ ማድረግዎ አሳዝኖኛል።

የሕግ ባለሙያ፦ እርስዎን አላልሁም፤ ካስቀየምኩዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዝምታው ለሁለቱም ዓይነት ልጅ እኩል በር ይከፍታል ማለቴ ነው።

የለገጣፎ እህት፦ አንድ ነገር ተዘሏል። በእስልምና ሰው ያለበትን ዕዳ ሳይከፍል፣ የሰው ሐቅ ሳይመልስ እንዲሞት አንፈልግለትም፤ ወሲያውን፣ ማለትም ኑዛዜውን፣ መናገር አለበት። አያቴ ከሞተች በኋላ አንዲት የሰፈራችን ሴት መጥታ «አራት ሺህ ብር አበድሬያት ነበር» ስትለን ምስክር አልነበረንም፤ ከፈልን፤ ግን እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አናውቅም። «ቶሎ ትድኛለሽ» ባንላት ኖሮ አያቴ ራሷ ትነግረን ነበር። ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ንስሐና ቁርባን እንዲሁ አይደለም እንዴ?

ጡረተኛው መምህር፦ ዕድሜዬ 77 ነው፤ እናንተ «አረጋዊ» እያላችሁ የምትከራከሩበት ሰው እኔ ስለሆንሁ ልናገር። 36 ዓመት አስተምሬአለሁ፤ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ሰው በፊቴ ስለ እኔ ከልጄ ጋር ማውራት ለመደ። ባንክ ስሄድ ገንዘብ ያዡ ልጄን ያያል፤ ጤና ጣቢያ ስሄድ «ምን ይላቸዋል?» ተብሎ ልጄ ይጠየቃል። የሚያመኝ ጉልበቴን ነው፤ አንደበቴ ደኅና ነው።

የአባቱ ልጅ ስለ መርዶ የተናገረው እውነት ነው፤ እኔም ብዙ መርዶ አርድቻለሁ። ነገር ግን ልጄ፣ ልብ በል፤ መርዶ ሳይነገር ቀርቶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ የሚመክሩት መቼ ይነገር፣ ማን ይንገር፣ ማን ይደግፍ፣ ውኃ ማን ይያዝ በሚለው ላይ ነው እንጂ ይነገር ወይስ ይቅር በሚለው ላይ አይደለም። ለሳምንታት የዘገየ መርዶ አውቃለሁ፤ ለዘለዓለም የተደበቀ ግን አላውቅም። የደበቀ ሰው ኋላ ሲታወቅበት «ሬሳውን እንዳላለቅስለት ከለከለኝ» ተብሎ ቂም ይያዝበታል። እናንተ ባህል እያላችሁ የምትጠሩት ከባህሉ ግማሹን ነው።

የአባቱ ልጅ፦ መምህር፣ ቃልዎ ከብዶኛል፤ ግን መርዶ ስለ ሌላ ሰው ሞት ነው። የሚረዳው ሰው አልቅሶ፣ ሠልስቱ ወጥቶ፣ ዓርባው ደርሶ ይጽናናል። ስለ ራሱ ሞት የሰማ ሰው በምን ይጽናናል? አባቴ ቢያውቅ ኖሮ እነዚያን ሦስት ጥምቀቶች እንዲያ ያከብራቸው ነበር?

ነርስ ከአባዶ፦ አባትዎ እንዳላወቁ በምን እርግጠኛ ሆኑ? ብዙዎቹ ያውቃሉ። በሌሊት ተረኛ ስሆን «ልጆቼ እንዳይደነግጡ ነው እንጂ ሕመሜን አውቀዋለሁ፤ እንዳትነግሪያቸው» ያሉኝ ከአንድ በላይ ናቸው። ልጅ ወላጁን፣ ወላጅም ልጁን ሲጠብቁ ሁለቱም ሳይሰነባበቱ ይለያያሉ።

የአባቱ ልጅ፦ ይህን ባይጽፉልኝ ይሻለኝ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦ እኔ የምለምነው ይህን ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ እኔን ይጠይቀኝ፤ «ውጤቱን ራስዎ ይሰማሉ ወይስ ለልጅዎ ልንገር?» ይበለኝ። ምናልባት «ለልጄ ንገር፣ እኔን ተወኝ» እል ይሆናል፤ ያም ቢሆን የተናገርሁት እኔ ነኝ።

የሕግ ባለሙያ፦ ይህ ከሕጉም ጋር አይጋጭም። የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያንን መብት የሚመለከተውን ፕሮቶኮል ያጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በጥር 2008 ነው፤ የሰነዱ መንፈስም አረጋዊው ስለ ራሱ ጉዳይ ራሱ ይወስን የሚል ነው። «እንደ ሕፃን» ያሉት አባል ቃላቸውን በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲያነሡ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

የአባቱ ልጅ፦ ሽማግሌን በስብሰባ ፊት ማዋረድ ነው የምትፈልጉት? እኒያ ሰው እናታቸውን ለስድስት ዓመት አልጋ ላይ እያገላበጡ አስታመዋል፤ ያሉትም ከዚያ ተነሥተው ነው።

የብሎክ 9 ነዋሪ፦ እባካችሁ፣ ወደ ሰው አንሂድ። የእናቴ ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት ነው። ታላቅ ወንድሜ «ከነገርሻት አልይሽም» ብሎኛል። ትናንት ማታ ቡና ካፈላን በኋላ እናቴ መነጽሯን አድርጋ የውጤቱን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥታ በሁለት እጇ ይዛ አገኘኋት። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አታነበውም፤ ግን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ አጥፋ መለሰችልኝ። ምንም አላለችኝም። ሐሙስ ሐኪሙን መምህር እንዳሉት እንዲጠይቃት እለምነዋለሁ። እኛም አራተኛ ፎቅ ነን፤ ጉልበቷም አይችልም፤ ወንበር የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

የአባቱ ልጅ፦ እኔ እይዛለሁ፤ ወንበሩም ያው የአባቴ ወንበር አለ። ከጠዋቱ በ12 ሰዓት በራችሁ ላይ እገኛለሁ። ነገር ግን ደረጃውን ስንወርድ ከጠየቅሽኝ አሁንም አትንገሯቸው ነው የምልሽ።