ጂዲቢ (የፕሮግራም ስህተት ማደኛው) ላይ "ሊስት" (ኮዱን የሚያሳየው ትእዛዝ) ከቆምኩበት መስመር ይዞኝ ይነጉዳል፣ ዲፎልቱን መቀየር ይቻላል?

የአዳማ ልጅ፦
ሰላም ጓዶች። ብሬክፖይንቴ (ፕሮግራሙን የማስቆምበት ምልክት) መስመር 57 ላይ ይቆማል። "ኤል" (የ"ሊስት" ማሳጠሪያ) ስል ከ52 እስከ 61 ያሳየኛል፣ እዚህ ድረስ ሸጋ ነው። ከዚያ አንድ ሁለት ቫሪያብል አይቼ መልሼ "ኤል" ስል ግን ከ62 ይቀጥላል፣ ቀጥሎ ከ72፣ እንዲህ እያለ ፋይሉን ይጨርስና የለም የሚባል መስመር ጠየቅክ ብሎ ይነጫነጫል። እኔ የምፈልገው የቆምኩበትን ማየት ነው! በዚህ በአዳማ ሙቀት ላይ ይሄ ተጨምሮ…

ተርሚናል ወዳድ፦
"ሊስት" ብለህ ክፍት ቦታ ትተህ ነጥብ ጨምርበት። የቆምክበት ዙሪያ ይመልስሃል። ግን ከጂዲቢ 14 ጀምሮ ነው። ኡቡንቱ 22.04 ከሆንክ ያለህ 12 ነው፣ አይሰራልህም፤ 24.04 ላይ ግን አለ።

የአዳማ ልጅ፦
22.04 ነኝ ወንድሜ። ለአንዲት ነጥብ ብዬ በሞባይል ዳታ ኡቡንቱ አላወርድም።

ሐዋሳ ሲ፦
አታውርድ። "ሊስት *$ፒሲ" በል፣ በድሮውም ይሰራል፤ ፒሲ ማለት ቀጥሎ የሚሰራው የማሽን ትእዛዝ አድራሻ ነው። ሁሌ መጻፍ ከሰለቸህ ሆም ፎልደርህ ውስጥ ባለው የጂዲቢ ኢኒት ፋይል (ጂዲቢ ሲነሳ የሚያነበው) ላይ በ"ዲፋይን" የራስህን ትእዛዝ ፍጠር፣ ውስጡ ያቺን አንድ መስመር አድርግና በ"ኤንድ" ዝጋው። ስሙን "ዌር" እንዳትለው ብቻ፣ እሱ የባክትሬስ (የትኛው ፋንክሽን የትኛውን እንደጠራ የሚዘረዝረው ትእዛዝ) ሌላ ስሙ ነው። አስር መስመር ካነሰህም "ሴት ሊስትሳይዝ 20" እዚያው ጨምር።

ዲፎልቱ ይቀየር የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ረጅም ፋንክሽን ሳነብ "ኤል" ብዬ ኢንተር እየደጋገምኩ ነው የምወርደው፣ ሁሌ ወደ 57 የሚመልሰኝ ቢሆን እብድ ነበር የምሆነው። የስንቱ ሰው እጅ የለመደውን ከመንካት የጂዲቢ ሰሪዎች ነጥቧን መጨመራቸው ይሻላል።

ተርሚናል ወዳድ፦
እውነቱን ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ "አፕ" ብለህ ወደ ጠሪው ፋንክሽን ስትወጣ ፒሲ የመመለሻውን አድራሻ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ መሃሉ ላይ የምታየው መስመር ከጥሪው ቀጥሎ ያለው ሊሆን ይችላል። አትደናገጥ።

የአዳማ ልጅ፦
ሰራ! "አፕ" ላይም እንዳልከው አንድ መስመር ዝቅ ብሏል፣ ችግር የለውም። ከፍተኛ ምስጋና።

ሐዋሳ ሲ፦
ኮዱን ሁሌ ከላይ ማየት ከፈለግክ ደግሞ ኮንትሮል ኤክስ፣ ከዚያ ኤ ተጫን። ስክሪኑ ሲበላሽብህ ኮንትሮል ኤል።