ቁርስ በልቼ 4 ሰዓት ሳይሞላ የሚርበኝ ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የፋሲሎ ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። 34 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ልብስ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። በሁለት ዓመት 11 ኪሎ ጨምሬ 78 ገብቻለሁ። ብዙ የምበላ አይመስለኝም ነበር። ግን ጠዋት በልቼ 4 ሰዓት ሳይሞላ ሆዴን ይሞረሙረኛል። ያኔ ከጎረቤት ቦምቦሊኖ በሻይ አስመጣለሁ። ለግማሽ ሰዓት ደህና እሆናለሁ፣ ከዚያ ያው ነው።

ጠዋት ዳቦ በሻይ ነው፣ ሻዩ 3 ማንኪያ ስኳር አለው። 4 ሰዓት ላይ ያልኳችሁ ቦምቦሊኖ፣ ሻዩም እንደ ጠዋቱ። ምሳ እንጀራ በሽሮና አንድ ጠርሙስ ለስላሳ። 10 ሰዓት ላይ 2 ስኒ ቡና፣ በየስኒው 1 ማንኪያ። ማታ የቀረውን ወጥ በእንጀራ፣ ከዚያ በ3 ማንኪያ ሻይ።

ጓደኛዬ «ስኳር ቀንሺ፣ ፕሮቲን ጨምሪ» አለችኝ። በምን ልጀምር? ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ዐቢይ ጾምንም አልፈታም። ጂም ቤት የሚሸጠው የፕሮቲን ዱቄት የግድ ነው? ስኳሩንስ በማር ብተካው? የደም ስኳር ተመርምሬ ደህና ነሽ ተብያለሁ።

መልስ፦ ነርሷ

እህቴ፣ ዘርዝረሽ መጻፍሽ በጣም ጠቅሞናል። እስቲ አብረን እንቁጠረው። በቀን 11 ማንኪያ ስኳር ትጠጫለሽ። አንድ የሻይ ማንኪያ ልኩ 4 ግራም ነው፣ ስለዚህ 44 ግራም መሆኑ ነው። ሞላ አድርገሽ ከሆነ የምትጨምሪው ከዚህም ያልፋል። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ደግሞ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ አለው። ቦምቦሊኖውን ሳንነካ ከ70 አለፍን። የዓለም ጤና ድርጅት 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ከ50 ግራም በታች ይሁን ይላል፤ ወደ 25 ቢወርድ ደግሞ ይመረጣል።

ማርም እዚሁ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። የጎጃም ማር ነው ተብሎ ከሂሳቡ አይወጣም። በማር መተካት መቀነስ አይደለም።

አሁን ረሃቡ። ነጭ ዳቦና ስኳር ቶሎ ይፈጫል፣ የደም ስኳር ከፍ ብሎ መልሶ ይወርዳል። ፕሮቲን ግን ከጨጓራ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ የጥጋብ ስሜት የሚሰጡ ሆርሞኖችንም ያነሳሳል። የአንቺ ቁርስ ውስጥ እሱ የለም ማለት ይቻላል። ለጤነኛ ሰው ዝቅተኛው ልክ በኪሎ 0.8 ግራም ነው፣ ለአንቺ 62 ግራም ገደማ። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ይሰጥሻል። ዱቄቱ አያስፈልግሽም፣ ገንዘብሽን አታውጪ።

ይህን የሚያነብ በመድኃኒት ላይ ያለ የስኳር ታማሚ ካለ፣ ምግቡን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ያናግር። መድኃኒቱ ሳይስተካከል ስኳርና ዳቦ ቢቀንስ የደም ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። ኩላሊት የሚያመውም ፕሮቲን ሳያማክር አይጨምር። በዚህ ነገር ላይ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ፣ እባካችሁ።

መልስ፦ የሐይቁ ዳር ዓሳ ሻጭ

ልጄ፣ ጣና ደጅሽ ላይ ሆኖ ዱቄት ልትገዢ ነው? 100 ግራም የበሰለ ቆሮሶ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ጠዋት ታንኳና ጀልባ ሲመለስ ወረድ በይ። ዓይኑ የጠራውን፣ ስንጥቡ ደም የመሰለውን ምረጪ። በጣትሽ ጫን ስትዪው ስጋው መልሶ ካልተነሳ ተዪው፣ ያደረ ነው።

ዱቄት ተነክሮ በዘይት የሚጠበሰው ይጣፍጣል፣ ግን ዘይት ይጠጣል። ባለቤቴ ሽንኩርትና ቲማቲም አቁላልታ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምራ፣ ዓሳውን መጨረሻ ላይ ነው የምታስገባው። 10 ደቂቃ አይፈጅም። ጥሬውን በዳጣ የሚወዱ አሉ፣ አንቺ ግን አብስዪው፣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። በጾም ዓሳ መብላት አለመብላቱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፣ እኔ አልገባበትም።

መልስ፦ የዳንግላዋ

እኔም እንዳንቺ ጿሚ ነኝ፣ ስለዚህ የጾሙን ልንገርሽ። ሽሮሽ ጥሩ ነው። ችግሩ እንጀራው ሰፊ፣ ወጡ ቀጭን መሆኑ ነው። ሽሮውን ወፈር አድርጊና እንጀራውን ግማሽ አድርጊው። ጠዋት በዳቦ ፋንታ የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ፉል ብዪ። እኔ ማታ ሽምብራውን ዘፍዝፌ አድራለሁ፣ ጠዋት ጨውና ሎሚ ብቻ ነው የምጨምርበት። አንጀት ላይ ጠብ የሚል ነገር ነው።

ሱቅ ውስጥ ለምትቆረጥሚው ደግሞ ግብጦ ያዢ። ከጥራጥሬ በፕሮቲን የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ግን በደንብ የተዘጋጀውን። ቤት ስናዘጋጅ ቆልተን ለቀናት እንዘፈዝፈዋለን፣ ውሃውን እየቀያየርን፣ ምሬቱ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ። የሚመርሽን ግብጦ አትዋጪው፣ ምሬቱ መርዝነት አለው።

መልስ፦ ባጃጅ ነጂው

ከጁስ ተጠንቀቂ እህት። እኔ ለስላሳ ትቼ ስፕሪስ ጀመርኩ፣ ጤነኛ የሆንኩ መስሎኝ። አንድ ቀን ሲጨምቁ ቆሜ ሳይ ስኳሩን በጭልፋ ነው የሚጨምሩት። አሁን አቮካዶ በሎሚ ብቻ ነው የማዘው። ከሻዩ ላይ ስኳሩን በአንድ ቀን አታቁሚ፣ እኔ ሞክሬ በሦስተኛው ቀን ነው የተመለስኩት። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ፣ ምላስሽ ይለምደዋል።

መልስ፦ የፋሲሎ ልጅ (ከ5 ሳምንት በኋላ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠዋት 2 የተቀቀለ እንቁላልና ግማሽ ዳቦ፣ በጾም ቀን ሽምብራ ሆኗል። ለስላሳውን ተውኩት። ሻዬ ከ3 ወደ 1 ማንኪያ ወርዷል፣ ቡናውን ግን በስኳር ነው የምጠጣው፣ እሱን ገና አልቻልኩም። አሁን ምሳ ሰዓት ደርሶ ነው ረሃብ ትዝ የሚለኝ። 2 ኪሎ ቀንሻለሁ።

የዳንግላዋ እህቴ፣ ግብጦውን ቅዳሜ ገበያ ጥሬውን ገዝቼ ቆልቼ ዘፈዘፍኩት። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው፣ አንዷን ቀምሼ ስለመረረችኝ ተፋኋት። ቀን ልጨምርለት አይደል?

መልስ፦ የዳንግላዋ

ጨምሪለት እንጂ! ውሃውን ጠዋትና ማታ ቀይሪው። ልጣጩ በጣትሽ ጫን ስትዪው ሾልኮ ይውጣ፣ ስትቀምሺው ምንም ምሬት አይኑረው። ያኔ ላጪው፣ ጨው ነስንሺበትና ሱቅ ይዘሽው ሂጂ።