በነርቭ ቋጠሮ ውስጥ የተኛ ሄርፒስ፦ ቀለሙ አለ ይላል፣ ፒሲአሩ የለም ይላል

ጠያቂ (ጎንደር)፦ ጤና ይስጥልኝ። በፈቃድ ከአስከሬን የተወሰደ የትራይጀሚናል ጋንግሊዮን (ከፊት ስሜት የሚቀበለው ነርቭ ቋጠሮ) በፓራፊን ብሎክ፣ ማለትም በፎርማሊን ተጠብቆ በሰም ውስጥ የተቀበረ፣ አለን። ለሄርፒስ ሲምፕሌክስ 1 በፀረ እንግዳ አካል ስናቀልመው አንዳንድ የነርቭ ሴሎች ቡናማ ሆኑ፤ ፒሲአሩ (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚፈልገው ምርመራ) ግን ባዶ ወጣ። የትኛውን እንመን?

የማራኪዋ፦ ሁለቱንም ገና አትመኑ። የተኛ (ሳይባዛ የተደበቀ) ቫይረስ ፕሮቲን አያመርትም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በፀረ እንግዳ አካል መፈለጉ አያዋጣም። ቡናማው ሊፖፈስሲን (የሴል እርጅና ቀለም) ሳይሆን አይቀርም፤ ዕድሜው በገፋ ሰው የነርቭ ሴል ውስጥ ከኒውክሊየሱ ውጭ ይከማቻል። ተከታዩን ቁራጭ ምንም ሳትቀቡ እዩት። ያው ቡናማ ካለ ቫይረስ አይደለም። ቫይረሱ ተኝቶ ሳለ በብዛት የሚገኘው ላት (LAT) የተባለው የቫይረሱ አርኤንኤ ነው፤ በኢን ሲቱ ሃይብሪዳይዜሽን ፈልጉት፤ ይህም አርኤንኤውን ቁራጩ ላይ እንዳለ በሚጣበቅበት ፕሮብ የሚያሳይ ዘዴ ነው፤ ምልክቱም ኒውክሊየሱ ውስጥ መታየት አለበት። ከቡናማው እንዲለይ ቀለሙን ቀይ አድርጉት።

የሞለኪውላር ላብ ሰው፦ ስለ ፒሲአሩ፦ ፎርማሊን ዲኤንኤን ይቆራርጣል፤ የምታባዙት ክፍል ከ150 ቤዝ አይብለጥ። 10 ማይክሮን የሆኑ ጥቂት ቁራጮች ወስዳችሁ ፓራፊኑን በዛይሊን፣ ዛይሊኑን በኢታኖል አስወግዱ። ከዚያ ፕሮቲኔዝ ኬ (ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም) በ56 ዲግሪ ሲያድር ይቆይ፣ ቀጥሎ 90 ዲግሪ ለ1 ሰዓት። ይህችን ሰዓት ብዙዎች ይዘሏታል፤ ፎርማሊን ያሰረውን የምትፈታው ግን እሷ ናት። ቤታ ግሎቢንን (በማንኛውም የሰው ዲኤንኤ ውስጥ ያለ ጂን) ለማመሳከሪያ በዚያው ናሙና አሂዱ። እሱም ካልወጣ ናሙናውን 1 ለ10 አቅጥናችሁ ድገሙ፤ ፒሲአሩን የሚያግድ ነገር ሊኖር ይችላል። ያኔም እንቢ ካለ «ቫይረስ የለም» ብላችሁ አትጻፉ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። የፕሮቡ መመሪያ ስላይዱን 98 ዲግሪ አፍሉት ይላል፤ የእኛ ውሃ እዚያ አይደርስም።

አዘዞ፦ አይደርስም። ከተማው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ፕሬዠር ኩከር አድርጉት። ቁራጩ እንዳይላጥ ቻርጅ ያለው (ቁራጩን በኤሌክትሪክ ሙል የሚይዝ) ስላይድ ተጠቀሙ።

የማራኪዋ፦ አንድ ልጨምር። ፒሲአሩ ቢወጣ እንኳ ብቻውን «ተኝቷል» አያሰኝም፤ ላት ኖሮ እንደ አይሲፒ27 ያለ የመባዛት አርኤንኤ ሲጠፋ ነው። አርኤንኤውን በፒሲአር ስትሠሩ ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን የሚያጠፋ ኢንዛይም) ጨምሩ፤ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥ ኢንዛይም) የሌለው ቱቦም ጎን ለጎን ይሂድ። ቫይረሱን የያዙት ሴሎች ጥቂት ስለሆኑ ብሎኩን ከተለያየ ጥልቀት ቁረጡ። ከናሙና ወደ ናሙና ዲኤንኤ እንዳይተላለፍ በየናሙናው የማይክሮቶሙን (የመቁረጫ መሣሪያውን) ምላጭ ቀይሩ፤ በመሃል ባዶ ፓራፊን ቆርጣችሁ እሱንም ፒሲአር ውስጥ አስገቡ።