ሰርዶ ግቢዬን ወረረው፤ ምን ባደርግ ይሻለኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርዶ አሸንፎኛል፤ እባካችሁ ምክራችሁን ለግሱኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ስነቅል ከረምኩ። ስጎትተው የላዩ እሺ ብሎ ይመጣል፤ ሥሩ ግን ቀጭ ብሎ እዚያው ይቀራል። ትናንት አንዱን እየቆፈርኩ ተከተልኩት። ነጭ ነው፣ እንደ ገመድ የተጠላለፈ፣ ባለ አንጓ። ከየአንጓው ሹል ቡቃያ ወጥቷል። ለካ ባለፈው በዶማ ስቆራርጠው እያባዛሁት ነበር! እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ በቅሏል።

ኮምጣጤም ረጨሁበት። ቅጠሉ በማግስቱ ደረቀ፣ ደስ አለኝ። በሁለት ሳምንቱ ተመልሶ ለመለመ።

አሁን ግላይፎሴት የሚባለውን የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ልጠቀም ወይ እያልኩ ተጨንቄያለሁ። በቅጠሉ ገብቶ እስከ ሥሩ ስለሚወርድ ሰርዶን ይገድላል። ግን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. «ካንሰር አምጪ የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ» ከሚላቸው መድቦታል። በመመሪያው መሠረት ከተጠቀሙበት አያሰጋም የሚሉ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችም አሉ። ልጄ ገና እየዳኸች ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች። ጽጌረዳዎቼም እዚያው መሃል ናቸው፤ ነፋስ ጠብታውን ቢወስድባቸው አብረው ይቃጠላሉ።

ሌላው ምርጫዬ በጥቁር ላስቲክ ሸፍኖ ብርሃን መከልከል ነው። ስንት ወር ይቆይ? ከዳር ሾልኮ አይወጣም? መድኃኒቱን ሳይረጭ ቅጠሉን ብቻ በብሩሽ የቀባስ አለ? የሞከራችሁ ንገሩኝ፤ ዝናቡ ሳይጀምር መወሰን አለብኝ።