ያገለገለ ቶርኖ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ቦኮላ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ላማክራችሁ ብዬ ነው። ያገኘሁት ቶርኖ ከባድ የድሮ ማሽን ነው። በሁለቱ ሴንተር (ሥራውን ከሁለት ጫፍ የሚይዙት ሹሎች) መካከል 1000 ሚሜ ይይዛል፣ ከቤዱ (የማሽኑ ረጅም መሠረት) በላይ እስከ 400 ሚሜ ዲያሜትር ያሽከረክራል፣ ሄድስቶኩ (ሥራውን የሚያዞረው ሳጥን) በጊር የሚሠራ ነው። ሞተሩ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር መብራት የሚፈልግ) 4 ኪሎዋት። አብሮት ያለው አንድ ባለ ሦስት መንጋጋ ቸክ (ሥራውን የሚጨብጠው)፣ ቱል ፖስት (የቢላ መያዣ) እና ማሽኑ ላይ የተገጠሙት ጊሮች ብቻ ናቸው። ባለ አራት መንጋጋ ቸክም ስቴዲ ረስትም (ረጅም ሻፍት መሃሉን የሚደግፍ) የለውም። ቀለሙ አዲስ ነው፤ ከቸኩ አጠገብ ያለው የቤዱ ክፍል ግን ከሌላው ለየት ብሎ ያብረቀርቃል። የክሮስ ስላይዱን (ቢላውን ወደ ሥራው የሚያስጠጋውን) እጀታ ወዲያና ወዲህ ሳዞረው ሩብ ዙር ያህል ባዶውን ይሄዳል።

ሥራዬ ሻፍት (ዘንግ) መጠገን፣ ቦኮላ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት) መሥራት፣ የኩሽኔታ መቀመጫ መቁረጥ እና ፒቹ (የጥርስ ለጥርስ ርቀቱ) ከ1.5 እስከ 3 ሚሜ የሆነ ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) ማውጣት ነው። የኩሽኔታ መቀመጫ ላይ ከ0.02 ሚሜ በላይ ስህተት አልፈልግም። ማሽኑ የሚገባበት ቦታ ያለው መብራት ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ነው። ሻጩ "እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው" ይላል። በዚሁ ገንዘብ አዲስ ግን ቀለል ያለ ትንሽ ማሽንም ይገኛል። የትኛው ይሻለኛል? ልፈትሸው ስሄድስ ከየት ልጀምር?

ሚክሮን

ቤዱና ስፒንድሉ (ቸኩን የሚያዞረው ዘንግ) ደህና ከሆኑ ከባዱን ውሰድ። ሻፍት የሚጠግን ሰው ክብደት ያለው ማሽን ያስፈልገዋል። ትንሹ ማሽን ብረት ላይ 2 ሚሜ ጥልቀት ስትሰጠው ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ሻፍት ላይ ግማሽ ቀን ትፈጃለህ። ቀለሙን እርሳው፣ ምንም አይናገርም። እንዲያውም አዲስ ቀለም ጊዛው (ቀልጦ የተቀረጸው የማሽኑ ብረት) ላይ ያለ ስንጥቅ ወይም ብየዳ ሊሸፍን ስለሚችል የሄድስቶኩን ሥርና የቤዱን እግሮች በባትሪ ብርሃን እያየህ ፈትሽ።

ሰው ሁሉ ስለ ቤድ መበላት ያወራል፣ ግን የትኛው መበላት እንደሚጎዳ የሚለይ ጥቂት ነው። ካሪጁ (ቢላውን ይዞ በቤዱ ላይ የሚሄደው) ከፊትም ከኋላም እኩል ዝቅ ካለ ጉዳቱ ከቁጥር አይገባም። 50 ሚሜ ዲያሜትር ስትቆርጥ ቢላው ከሴንተር 0.1 ሚሜ ዝቅ ቢል ዲያሜትሩ ላይ የሚመጣው ለውጥ ከ0.001 ሚሜ በታች ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው የፊተኛው ባለ ቪ ቅርጽ የቤዱ ሐዲድ መሆኑ ነው። ፊቱ ብቻ ሲወርድ ካሪጁ ወደ ሠራተኛው ያዘነብላል፣ ቢላውም ከሥራው ይሸሻል። የሁለቱ ሐዲዶች ርቀት 300 ሚሜ፣ የሴንተሩ ከፍታ 200 ሚሜ ነው እንበል። ፊቱ 0.1 ሚሜ ቢበላ ቢላው 0.067 ሚሜ ይሸሻል፤ ዲያሜትሩ ላይ ደግሞ እጥፍ ሆኖ 0.13 ሚሜ ይመጣል። አንተ የምትፈልገው 0.02 ነው።

ለመፈተሽ መጀመሪያ ካሪጁ ፈጽሞ የማይደርስበትን የቤድ ክፍል፣ ከሄድስቶኩ ሥር ያለውን፣ በጥፍርህ ዳስሰው። ወደሚሠራበት ክፍል ሲሻገር ጥፍርህን የሚይዝ እርከን ካለ በደንብ ተበልቷል። ቀጥለህ ካሪጁን ከቸኩ አጠገብ አቁመህ ከቤዱ ሥር የሚይዘውን የኋላ ሰሌዳ ጭንቅ ሳይል እስኪንሸራተት ድረስ አጥብቀው፤ ከዚያ ወደ ቴልስቶኩ (የሥራውን ሌላ ጫፍ ወደሚደግፈው) ግፋው። መንገድ ላይ ከተቆላለፈ ቸኩ አጠገብ ያለው ቦታ ከጫፉ ይልቅ ሳስቷል ማለት ነው። ማብረቅረቁ ብቻውን ግን አያስፈራም፤ የተጠነከረ ቤድ ሳይበላም ያብረቀርቃል።

ሩብ ዙር ባዶ መሄዱን ችላ አትበለው። የስላይዱ ስክሩ ፒቹ 5 ሚሜ ከሆነ ይህ 1.25 ሚሜ ነው፣ ስክሩው የሚገባበት የነሐስ ነት ብቻ ተበልቶ እዚህ አይደርስም ማለት ይቻላል። እጀታውን ስታዞር ስክሩው ራሱ ወደፊትና ወደኋላ ሲወጣና ሲገባ ታያለህ? ካየህ ከእጀታው ጀርባ ያለው ማጥበቂያ ዳዶ ላልቷል፣ በቁልፍ የሚያልቅ ነገር ነው። ካልሆነ ክፍተቱን ስላይዱ መሃል ላይ እና ጫፍ ላይ ሲሆን ለየብቻ ለካ። ሁለቱም ቦታ እኩል ከሆነ ነቱ ነው፤ መሃል ላይ በዝቶ ጫፍ ላይ ካነሰ ስክሩውም ተበልቷል። ነቱን ለመቀየር ካሰብክ አሮጌውን ሳትፈታ አዲሱን እዚያው ማሽን ላይ ሥራው። ከፈታህ በኋላ የምትቆርጥበት የለህም።

ጥርስ ቆጣሪ

ሚክሮን ቤዱ ላይ ቆሟል፣ እኔ ሄድስቶኩን አስቀድማለሁ። የተበላ ቤድ ይዞ መሥራት ይቻላል፤ የሚጮህ ሄድስቶክ ይዞ ግን አይቻልም። ጊሩ ቢሰበር ለድሮ ማሽን መለዋወጫ ፍለጋው ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

ከላይ ያለውን ክዳን አስከፍተህ ዘይቱን እይ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ጣትህ ላይ የሚያብለጨልጭ ቢጫ ብናኝ ካገኘህ የነሐስ ቦኮላ ወይም ፎርክ (ጊር የሚገፋው) እየተበላ ነው። ዘይቱ እንደ ማር የወፈረ ከሆነ ደግሞ ድምፅ ለማፈን ሆን ተብሎ የተጨመረ ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቅ። የእያንዳንዱን ጊር ጥርስ በእጅ እያዞርክ እይ፤ የጥርሱ ጠርዝ ሹልነቱን አጥቶ ክብ መሆኑ በሥራ ላይ ሳሉ ጊር የሚቀይሩ ሰዎች ምልክት ነው፣ ይታለፋል። የተቆረሰ ወይም በብየዳ ተሞልቶ የተሞረደ ጥርስ ግን አይታለፍም።

ክዳኑን መልሰህ ሁሉንም ፍጥነት አንድ በአንድ አስነሳ። ወጥ የሆነ ጉርምርምታ የቀጥታ ጥርስ ጊር ጠባይ ነው። በየዙሩ "ጣ… ጣ…" የሚል ምት ግን የተጎዳ ጥርስ ነው፤ የትኛው ፍጥነት ላይ እንደሚሰማና የትኛው ላይ እንደሚጠፋ ከጻፍክ የትኛው ጊር እንደሆነ ራሱ ይነግርሃል። ከከፍተኛው አንድ ዝቅ ባለው ፍጥነት ግማሽ ሰዓት አሽከርክረህ የፊተኛውን ኩሽኔታ ቦታ በእጅህ ንካ። ሞቅ ማለቱ ጤና ነው። እጅህን ማቆየት ካልቻልክ ወይ ከመጠን በላይ ጠብቋል ወይ ዘይት አይደርሰውም።

ለስፒንድሉ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ይዘህ ሂድ። መሠረቱን ቤዱ ላይ አቁመህ ጫፉን ስፒንድሉ ውስጥ ያለው ቴፐር (እየጠበበ የሚሄደው ቀዳዳ) ላይ አሳርፈህ በእጅ አዙር፤ ከ0.01 ሚሜ ብዙም ማለፍ የለበትም። ቸኩ ላይ እንዳትለካ፣ የቸኩን ስህተት በስፒንድሉ ታሳብባለህ። ቀጥሎ 60 ሴንቲሜትር ያህል ጠንካራ እንጨት ስፒንድሉ ቀዳዳ ውስጥ ከትተህ ወደ ላይ ጎትት። መርፌው 0.03 ሚሜና ከዚያ በላይ ሄዶ ስትለቀው ከተመለሰ ኩሽኔታው ላልቷል። ኮን ሮለር (ሾጣጣ ኩሽኔታ) ከሆነ ማጥበቅ ይቻላል፤ ካጠበቅከው በኋላ ሲሽከረከር ከተንገራገረ ግን መቀየር ነው፣ የስፒንድል ኩሽኔታ ደግሞ ከተራው እጅግ ይወደዳል።

ኮንታክተር

ስለ መብራቱ። የሞተሩን ሰሌዳ አንብብ፣ ውሳኔው እዚያ ላይ ነው። 220/380 ቮልት ካለ በዴልታ (የሞተሩን ጥቅሎች በሦስት ማዕዘን) አገናኝተህ ሲንግል ፌዝ በሚቀበል ኢንቨርተር (ወደ ስሪ ፌዝ በሚለውጥ መሣሪያ) ማስነሳት ትችላለህ። 380/660 ካለ ግን ተራው ኢንቨርተር 380 ስለማያወጣ አይሆንም፤ ሞተር መቀየር ነው። ባለ ሁለት ፍጥነት ሞተር ከሆነም በአንዱ ፍጥነት ብቻ ነው የምታስነሳው። ለ4 ኪሎዋት ሞተር በሲንግል ፌዝ የምትመግበው ኢንቨርተር አቅሙ ከሞተሩ ከፍ ያለ ይሁን፤ ለስሪ ፌዝ መግቢያ የተሠራውን በሲንግል ፌዝ ካስገባህ ግማሽ አቅሙን ብቻ ቁጠር። መስመርህም መቻሉን አረጋግጥ፣ በሙሉ ጭነት ከ25 አምፔር በላይ ይስባል። በነገራችን ላይ 4 ኪሎዋት መሆኑ ዕድለኛ አድርጎሃል፤ የሶቪየቱ 1ኬ62 ቶርኖ በዚሁ መጠን 10 ኪሎዋት ሞተር ነው ያለው።

ሁለት ነገር ብዙ ኢንቨርተር ያቃጥላል። አንዱ የማሽኑን የድሮ ኮንታክተር (በመግነጢስ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በኢንቨርተሩና በሞተሩ መካከል ትቶ ሥራ ላይ እያለ በእሱ ማብራትና ማጥፋት ነው። ሌላው የማቀዝቀዣ ፓምፑንና የመቆጣጠሪያውን ትራንስፎርመር ከኢንቨርተሩ መውጫ መመገብ ነው፤ ለየብቻ መመገብ አለባቸው። ቸኩ በስፒንድሉ አፍንጫ ላይ በፊሌቶ የሚጠበቅ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ድንገተኛ ብሬክ እና ወደኋላ ማዞር አትጠቀም፣ ተፈትቶ ይወርዳል።

ሚክሮን

አንድ የረሳሁት አለ፣ ሳትቆርጥ አትመለስ። 50 ሚሜ ገደማ የሆነ ክብ ብረት 150 ሚሜ ከቸኩ አውጥተህ ያዝ፣ ቴልስቶክ አታስደግፈው። መሃሉን 1 ሚሜ ዝቅ አድርገህ ሁለቱ ዳር ላይ 20 ሚሜ ስፋት ያላቸው ቀለበቶች አስቀር። ከዚያ በስል ቢላ 0.1 ሚሜ ጥልቀት ሰጥተህ እጀታውን ሳትነካ ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ቁረጥና በማይክሮሜትር ለካ። እዚያው 1.5 ሚሜ ፒች ፊሌቶ አውጥተህ ሃፍ ነቱ (ካሪጁን በሊድ ስክሩ፣ ማለትም ፊሌቶ ሲወጣ ካሪጁን በሚነዳው ረጅም ብሎን ላይ የሚይዘው) ይዝለል አይዝለል እይ።

ቦኮላ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሄጄ ፈተሽኩት። ስፒንድሉ 0.008፣ በእንጨቱ ሲጎተት 0.015። ድምፁ ወጥ ነው፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው። የክሮስ ስላይዱ ዳዶ የላላ ነበር፤ ሲጠብቅ 0.3 ሚሜ ያህል ቀረ። ካሪጁ ወደ ቴልስቶኩ ሲሄድ ጠበቅ ይላል እንጂ አይቆለፍም። የሞተሩ ሰሌዳ 220/380 ይላል። የቸኩ አያያዝ ካም ነው (በፊሌቶ የሚጠበቅ ሳይሆን በካም የሚቆለፍ)። ሁለቱ ቀለበቶች ግን ከቸኩ አጠገብ 48.05፣ ጫፍ ላይ 48.01 መጡ። ማሽኑ ያለው ወጣ ገባ ወለል ላይ ነው፣ በእንጨት ቁራጭ ተደግፎ። ሊድ ስክሩው በኢንች 4 ጥርስ ነው፣ ከኢንች ወደ ሚሜ ለመለወጥ የሚያገለግለው 127 ጥርስ ያለው ጊርም የለም። ሜትሪክ ፊሌቶ ማውጣት አልቻልንም።

ሚክሮን

በእንጨት ቁራጭ ላይ ለቆመ ማሽን 0.04 መጥፎ አይደለም። ብረቱ ስለተለመጠ ቢሆን ኖሮ ጫፉ ነበር የሚወፍረው፤ ያንተ ተቃራኒው ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ቤዱ ተጠምዝዟል ወይ ተበልቷል። ጥምዘዛ ከሆነ መድኃኒቱ እግሮቹ ናቸው። በሜትር 0.02 ሚሜ የሚያነብ ውሃ ልክ ካሪጁ ላይ አግድም አስቀምጠህ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስተካክለውና ቀለበቶቹን ድገም። አሁንም ቸኩ አጠገብ ከወፈረ በቴልስቶክ በኩል ያለውን የፊት እግር ትንሽ ትንሽ ዝቅ አድርግ፣ ቢላው ጫፉ ላይ ይሸሽና ልዩነቱ ይጠባል።

ሻጩ ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ካልሆነ 500 ሚሜ ወፍራም ብረት በሁለቱ ሴንተር መካከል ይዘህ በቀላል ጥልቀት ቁረጥና በየ50 ሚሜው ለካ። ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ በቀስ የሚቀጥን ከሆነ ቴልስቶክ ወይም እግር ነው፣ ሁለቱም ይስተካከላሉ። አንድ ቦታ ላይ ሆድ ካወጣ ቤዱ ነው፤ ያን እያወቅክ በዋጋው ተነጋገርበት። ስቴዲ ረስቱን በብርቱ ጠይቅ። ከሴንተሩ ከፍታና ከቤዱ ቅርጽ ጋር ስለሚሄድ ከሌላ ማሽን አምጥተህ የምትገጥመው አይደለም፣ ሻፍት ጠጋኝ ደግሞ ያለ እሱ አይሠራም። ባለ አራት መንጋጋውን በኋላም ታገኘዋለህ።

ጥርስ ቆጣሪ

ጊሩ ግዢውን አያስቀረውም። በኢንች 4 ጥርስ ማለት ፒቹ 6.35 ሚሜ ነው፣ ስለዚህ ከስፒንድሉ እስከ ሊድ ስክሩው ያለው ጠቅላላ ሬሾ ለ1.5 ሚሜ 30/127፣ ለ2 ሚሜ 40/127፣ ለ3 ሚሜ 60/127 ይሆናል። 127ቱ ትልቅ ስለሆነ ክዳኑ ውስጥ መግባቱን አስቀድመህ ለካ። ካልገባ በ100/127 ፋንታ 37/47 ተጠቀም፤ ስህተቱ በ100 ሚሜ ርዝመት 0.02 ሚሜ ያህል ነው፣ ለዳዶና ለብሎን አይታወቅም። ለምሳሌ ለ1.5 ሚሜ 37/47 እና 24/80 አከታትለህ ትገጥማለህ። ማሽኑ የፒች መምረጫ ሳጥን ካለው መጀመሪያ አንድ ለአንድ የሚያስተላልፍበትን ቦታ አግኝ፤ እነዚህ ቁጥሮች እዚያ ላይ ነው የሚሠሩት።

ኢንች ሊድ ስክሩ ላይ ሜትሪክ ስታወጣ ፊሌቶው እስኪያልቅ ሃፍ ነቱን አትክፈተው፣ ከከፈትከው ቢላው በቀድሞው መስመር አይመለስም። ቢላውን ወደ ውጭ ሳብ፣ ሞተሩን ወደኋላ አዙረህ መልሰው፣ ጥልቀት ጨምር፣ ቀጥል። አያያዙ ካም ስለሆነ ወደኋላ ማዞሩ ቸኩን አይፈታውም።