በባንድ የተሠራ ዘፈን ደራሲው ማን ይባል?

ጥያቄ፦
አራት አባላት ያሉት ባንድ አለን። ግጥሙንና ዜማውን አብዛኛውን ጊዜ ይዤ የምመጣው እኔ ብሆንም፣ በቅርቡ በልምምድ ላይ ቤዝ ጊታር ተጫዋቻችን ለአዝማቹ አዲስ መግቢያ ዜማ ሲያወጣለት ዘፈኑ ፈጽሞ ሌላ ሆነ። ታዲያ ደራሲው ማን ተብሎ ይጻፍ? ወዳጅነታችን እንዲሻክር አልፈልግም።

መልስ፦
በተለምዶ ድርሰት የሚባለው ግጥሙና ዜማው ሲሆን ቅንብር ለብቻው ይታያል፤ ሆኖም በመካከላችሁ ተስማምታችሁ ድርሻውን በሌላ መንገድ መደልደል ትችላላችሁ። ኩዊን የተባለው ባንድ ለዓመታት ዘፈኖቹን በየደራሲዎቹ ስም ሲያወጣ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው አልበም ሁሉንም በባንዱ የጋራ ስም አድርጓል።

መልስ፦
እኩል መካፈልም ሆነ በሥራው መጠን መደልደል ያስኬዳል፤ ዋናው ነገር ቀረጻ ሳይጀመር በጽሑፍ ማስፈሩ ነው። እኛ ጉዳዩን ያነሣነው ዘፈኑ ከተደመጠ በኋላ ስለነበር ድራም ተጫዋቻችን ተቀይሞ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልምምዳችሁንም በስልክ ቅረጹት፤ ማን ምን እንዳመጣ ድምፁ ራሱ ይመሰክራል።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ከሚቀጥለው ልምምድ በፊት ጉዳዩን አነሣዋለሁ፤ የመግቢያው ዜማ የእርሱ መሆኑን ግን ዛሬውኑ ደውዬ እነግረዋለሁ።