ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ካርድ ላይ «ደረጃ» ይቅር ወይስ ይቆይ? (ክርክር)

ስም ጠሪ መምህርት፣ 3ኛ ክፍል፦
የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ ሊሰጥ ስለተቃረበ ጉዳዩን አሁኑኑ ብንነጋገርበት ይሻላል። እኔ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ባለው ካርድ ላይ «ደረጃ» የሚለው ሳጥን ይውጣ ባይ ነኝ። ማርኩም አማካዩም ይቆዩ፤ «ከ62 ተማሪ 17ኛ» የሚለው ይቅር። ምክንያቴ ወላጅ ነው። ወላጅ ካርድ ሲቀበል መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያች ቁጥር ላይ ነው፤ ቁጥሯ ግን ቤት ገብቶ ልጁን በምን እንደሚረዳው አትነግረውም። 17ኛ የወጣው ልጅ የከበደው ማንበብ ነው ወይስ መቀነስ? ወይስ ቀሪ እያበዛ ነው? ይህ ካልታወቀ ወላጅ የሚቀረው ማመስገን ወይም መቆጣት ነው፤ ባስ ሲልም ዱላ ማንሳት። ከትምህርት ቤቱ ጋር ያለው ግንኙነትም በዓመት ሁለት ጊዜ ቁጥር ማየት ብቻ ይሆናል።

የወመህ ሰብሳቢ፦
መምህርት፣ እኔም እንደ ወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ሰብሳቢነቴ ዱላውን በተመለከተ አንድ ነን። ደረጃው ይውጣ የሚለውን ግን አልቀበልም። ወላጅ ማርክ ሲያይ ይታለላል። የ2ኛ ክፍል ልጅ አማካይ 90 ሲመጣለት ቤተሰቡ በደስታ ይፈነድቃል። ካርዱ ላይ «40ኛ» የሚል ሲያይ ነው ያ 90 ርካሽ እንደሆነ የሚገባው። ማርክ እንደ ልብ በሚታደልበት ጊዜ ለወላጅ የቀረችው እውነት ደረጃ ናት። ደግሞ ፊደል ያልቆጠረች እናት «አካባቢ ሳይንስ 78» ቢሏት ምኗ ነው? «12ኛ ወጥቷል» ሲሏት ግን ትረዳለች። የገባትን አንዲት ነገር ከእጇ ነጥቀን «ተሳትፎዋን እናሳድግ» ማለት አይሆንልኝም።

የሂሳብ መምህር፦
አቶ ሰብሳቢ፣ ደረጃ እውነቱን ይናገራል ያሉትን በቁጥር እንየው። ስምንት የትምህርት ዓይነት ቢኖር ድምሩ ከ800 ነው። 4ኛው 702፣ 11ኛው 694 አመጡ እንበል። በሁለቱ መካከል ያለው 8 ማርክ ነው፤ ወደ አማካይ ሲለወጥ 1 ነጥብ። ወላጅ ግን «ከ4ኛ ወደ 11ኛ ወረደ» ብሎ ነው የሚያየው፤ ሰማይና ምድር ሆኖ ይታየዋል።

ያ 8 ማርክ ከየት ይመጣል? ከ10 የሚያዘውን የቡድን ሥራ ተመልከቱ። አምስቱ የቡድን አባላት አንድ ዓይነት ማርክ ነው የሚወስዱት። አንደኛው ቡድን 9፣ ሌላው 6 ቢያገኝና ይህ በሦስት ትምህርት ቢደገም ልዩነቱ 9 ማርክ ደረሰ፤ ማለትም የልጁን ደረጃ የወሰነው አብሮት የተቀመጠው ጓደኛው ነው። የደብተር ጥራት፣ ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት፣ የቤት ሥራ መሥራት ሲታከሉበት (የቤት ሥራውን ታላቅ እህት ልትሠራው እንደምትችል ሳንረሳ) ሥርዓተ ነጥቡን ያልለየ ልጅ አቀላጥፎ ከሚያነበው በላይ ሊወጣ ይችላል። ሁሉም ትምህርት እኩል ክብደት ስላለው በሂሳብ የጎደለው 15 ማርክ በሥዕልና በሰውነት ማጎልመሻ ተሸፍኖ ያልፋል። ሮስተሩ (የክፍሉ ሁሉ ማርክና ደረጃ የሚሰፍርበት መዝገብ) ላይ ስሕተት የለም፣ ድምሩም ልክ ነው፤ ችግሩ የተደመሩት ነገሮች የማይደመሩ መሆናቸው ነው።

የማርክ መርከስን ደረጃ ይገልጠዋል የሚለውም አያስኬድም። ደረጃ ልጁን የሚያወዳድረው እዚያው ክፍል ካሉት ጋር ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥም በየመንፈቁ 1ኛ የሚወጣ ተማሪ ነበር፣ ወላጁም ተሸልሞለት አጨብጭቧል።

የ2ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
መምህር፣ ስሌቱ ገብቶኛል፣ አሳምነውኛልም። ግን ደረጃው ወጥቶ ምን ሊተካ ነው? አስተያየት የሚለው ቦታ ላይ አሁን የሚጻፈውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ «መልካም ነው፣ በርቺ»፣ «ይበልጥ ይጣር»። የሠላሳ ልጅ ካርድ ሰብስባችሁ ብታነቡት አንድ ዓይነት ነው። ደረጃን አውጥታችሁ በዚህ ብትተኩት ወላጅ ይብስ ይጨልምበታል። እናቱ ዓረብ አገር ያለች ልጅ ደግሞ ካርዱ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ነው የሚላክላት፤ ልጁን የያዘችው አያት ናት። ለዚያች እናት በአንድ ፎቶ ውስጥ የልጇን ነገር የሚያስረዳ ምን ታዘጋጃላችሁ?

ክላስተር ሱፐርቫይዘር፦
እህቴ ያነሱት ነው ዋናው። ደረጃን መሰረዝ ብቻውን ምንም አያመጣም፤ የሚተካው ከሌለ እኔም አቶ ሰብሳቢን እደግፋለሁ። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ታችኞቹ ክፍሎች በተከታታይ ምዘና እየተደገፉ እንዲያልፉ ሲደረግ ምዘናው በደንብ ሳይሠራ ማለፉ ብቻ ቀረና ምን እንደተከተለ ታውቃላችሁ፤ በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ቋንቋዎች የታችኛ ክፍል የንባብ ምዘና ሲደረግ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከምንባቡ አንድ ቃል ማንበብ አልቻሉም። ወላጆቻቸው ግን ካርድ ሲቀበሉ ነው የከረሙት።

የምለው ይህ ነው። ካርዱ ከመሰጠቱ ሦስት ሳምንት ቀድሞ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ለአንድ ደቂቃ ያንብብ። ምንባቡ 60 ቃል ገደማ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ገና ካልደረሱበት ምዕራፍ። የተማሩትን ካደረጋችሁት ልጁ በቃሉ ይወጣዋል፤ ስታዩት ያነባል፣ ጣቱ ግን ሌላ መስመር ላይ ነው። መምህሩ በራሱ ቅጂ ላይ የተሳተውን ቃል በእርሳስ ያሰምራል፤ አንድ ደቂቃ ሲሞላ ያቆማል፣ በትክክል የተነበቡትን ይቆጥራል፣ ከዚያ ስለ ምንባቡ ሦስት ጥያቄ በቃል ይጠይቃል። ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። አንደኛ፣ መምህሩ መሐል ላይ ያርማል፤ ደቂቃው በእርማት ያልቃል። ልጁ በአንድ ቃል ላይ ሦስት ሴኮንድ ያህል ከቆመ «ቀጥል» ማለት ነው እንጂ ማረም የለም። ሁለተኛ፣ ተራ የሚጠብቁት ጆሮ ሰጥተው ይሸመድዱታል፤ ስለዚህ ሦስት የተለያዩ ምንባቦች እያፈራረቁ መስጠት፣ ጠረጴዛውንም ወደ ጥግ ማድረግ ነው። ሦስተኛ፣ ለማያነብ ልጅ ፊደል ገበታውን በተርታ ማስቆጠር። «ሀ ሁ ሂ» ብሎ እስከ ፖ የሚዘልቅ ልጅ በዜማ ይዞት ሊሆን ይችላል። ከመሐል ነጥላችሁ አሳዩት፦ ሊ ከሌ፣ ነ ከኘ፣ ደ ከጀ ይለያል? ሳድሶቹ ላይ ይቆማል? እዚያ ነው የሚታወቀው።

ለወላጅ የሚሄደው ሦስት መስመር ነው። ምን ያህል ያነባል፣ ምን ላይ ይሳሳታል፣ ቤት ምን ይደረግ። ለምሳሌ፦ «አዲስ ምንባብ በደቂቃ 22 ቃል ያነባል። ሊን ከሌ፣ ቲን ከቴ አይለይም። ማታ ማታ አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፤ ሲጨርስ ማን ምን እንዳደረገ ይጠይቁት።» ይህንን ፊደል ያልቆጠረችም እናት ትሠራዋለች። ታሪኩ በምትሰማው ቋንቋ ከሆነ ልጁ ተረድቶ ማንበቡንና ዝም ብሎ ድምፅ ማውጣቱን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ስም ጠሪ መምህርት፣ 3ኛ ክፍል፦
ሱፐርቫይዘሩ ባሉት ላይ ሂሳብን ልጨምር። 52 ሲቀነስ 27 ስጡት። 35 ብሎ ከጻፈ መቀነስ አይችልም ማለት አይደለም፤ ከላይ ያለው አሃዝ ሲያንስበት ገልብጦ ከ7 ላይ 2 እየቀነሰ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ሃያ ተጨማሪ ጥያቄ ብንሰጠው ሃያውንም ገልብጦ ይሠራቸዋል። ለወላጁ የሚጻፈው «የክብሪት እንጨት አሥር አሥር እያደረጋችሁ በላስቲክ እሰሩ፤ 52ን በአምስት እስርና በሁለት ነጠላ ያስቀምጥ፤ 7 ሲጎድለው አንዱን እስር ራሱ ይፍታው» ነው። እስሩን የሚፈታው ልጁ ይሁን፤ ወላጁ ከፈታለት አልተማረም። 45 ማርክ ወይም 31ኛ ደረጃ ይህን ሊያስረዳ አይችልም።

ርዕሰ መምህር፦
መልካም ነው፣ አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። 62 ልጅ በሦስት ደቂቃ 186 ደቂቃ ነው። ሦስት መስመር መጻፉ በአምስት ደቂቃ ቢያልቅ ሌላ 310 ደቂቃ። ሁለቱ ሲደመሩ ከስምንት ሰዓት ያልፋል። ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት መምህሩ ይህን የት አምጥቶ ይሠራዋል? አንዱ በግዴታ ከተጫነ ደግሞ ሦስቱም መስመር በአንድ ማታ ቁጭ ተብሎ በግምት ይሞላል፤ «በርቺ» የነበረው «22 ቃል» ይሆናል ማለት ነው። በሪፖርት ያማረ ነገር ስንት ጊዜ አይተናል።

ክላስተር ሱፐርቫይዘር፦
ልክ ነዎት፣ በአንድ ጊዜ አይሆንም። ንባቡ በቀን 13 ልጅ ቢደረግ 39 ደቂቃ ነው፤ የቀሩት አንድ ገጽ ሲገለብጡ ወይም ጥንድ ሆነው ሲያነቡ በአምስት ቀን ያልቃል። ጽሑፉን ደግሞ ለሁሉም አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። የ3ኛ ክፍል ስሕተት አሥር ዓይነት ቢሆን ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ሦስት መስመር ተዘጋጅቶ ይባዛ፤ መምህሩ የልጁን ቁጥር ሞልቶ ተገቢውን ወረቀት ያያይዛል። አምስቱ ደቂቃ ወደ አንድ ይወርዳል። በግምት መሙላቱን ለመያዝም ከየክፍሉ አምስት ልጅ በዕጣ አውጥቶ ደግሞ ማስነበብ ይበቃል፤ ይህን ማድረግ የእኔና የእርስዎ ሥራ ነው።

የሂሳብ መምህር፦
ለማስታወስ ያህል፣ ሲንጋፖር በፈተና ውጤት ስሟ የሚጠራ አገር ሆና ሳለ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የክፍል ደረጃን ከተማሪዎች ካርድ አውጥታለች። ትምህርቷ አልወደቀም።

የወመህ ሰብሳቢ፦
ሲንጋፖር ደረጃውን ስታወጣ የ6ኛ ክፍሉን አገር አቀፍ ፈተና አላነሣችም፤ ወላጅ የልጁን ቦታ የሚያውቅበት ሌላ በር አለው። መምህራኑም፣ የክፍሉም ብዛት እንደኛ አይደለም። ምሳሌው ግማሽ ነው።

ሆኖም የሱፐርቫይዘሩ ሐሳብ ለ1ኛና 2ኛ ክፍል ይሠራል ብዬ አምናለሁ። እዚያ ደረጃው ቢቀር አልከራከርም። 4ኛ ክፍል ላይ ግን ይቆይ። ልጁ በጥቂት ዓመት ውስጥ የ6ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቀዋል፤ ያኔ ድንገት ከሚደነግጥ ቀድሞ ራሱን ከሌሎች አንጻር ይመልከት። ውድድር የሌለበት ዓለም እንዳለ አድርገን አናሳድጋቸው።

ስም ጠሪ መምህርት፣ 3ኛ ክፍል፦
ውድድሩ ሦስት ልጅ ብቻ ነው የሚያነሣሣው። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የሚሸለሙት እነዚያው ሦስቱ እንደሆኑ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ 45ኛው ልጅ 40ኛ ለመውጣት ሌሊት አያጠናም። ከ22 ቃል ወደ 35 ቃል መድረስ ግን የእሱም ግብ ሊሆን ይችላል፤ ማንንም መጣል ሳይጠበቅበት።

ርዕሰ መምህር፦
መሐል መንገዱ ይህ ይመስለኛል፦ 3ኛና 4ኛ ክፍል ላይ ደረጃው ሮስተሩ ላይ ይቆይ፣ ካርዱ ላይ አይጻፍ፣ የጠየቀ ወላጅ ቢሮ መጥቶ ይነገረው። በሰልፍ ላይ ጮክ ብሎ መጥራትና ሮስተሩን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ግሩፕ መልቀቅ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። የሌላውን ልጅ ውጤት ማየት የማንም ወላጅ መብት አይደለም። ስብሰባውንም እንለውጠው፤ መዋጮና ዩኒፎርም ሲነሣ ሁለት ሰዓት ያልቅና ትምህርቱ ሳይነሣ ይበተናል። በክፍል ተከፍሎ 15፣ 15 ወላጅ ለ40 ደቂቃ፣ የቀን ሠራተኛው እንዲደርስ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ።

የ2ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦
ስብሰባው ላይ የታረመው የፈተና ወረቀት ይሰጠን። አሁን ፈተናው ታርሞ መምህሩ ዘንድ ይቀራል፣ እኛ የምናየው ድምሩን ነው። 52 ሲቀነስ 27 ላይ 35 ብላ መጻፏን በዓይኔ ካየሁ ደረጃዋን ማንም ባይነግረኝ ግድ የለኝም።

የወመህ ሰብሳቢ፦
ወረቀቱ ከካርዱ ሦስት ሳምንት ቀድሞ የሚመለስ ከሆነ 3ኛ ክፍልንም እጨምራለሁ። 4ኛ ላይ አልተንቀሳቀስኩም። በሚቀጥለው የወመህ ስብሰባ አጀንዳ አድርጌ አቀርበዋለሁ፤ ሱፐርቫይዘሩ ሦስቱን ምንባቦችና የተባዙትን ወረቀቶች ይዘው ይምጡ።